ሃያ ሰባተኛዋ ሽንብራ

መምህርት ኡምሀኒ ነፋስ ሰርቃለች ይባላል። ቡሬ ባጃጅ ተራ ሄዳችሁ ብትጠይቁ፣ የቆብ ነጣቂን ተራራ ነፋስ በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ፣ ሦስት ሰዓት በእግሯ ተሸክማው ከተማ እንደገባች፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትፈታው የምክትል ርዕሰ መምህሩን ባርኔጣ ይዞት እንደሄደና ባርኔጣው እስከ ዛሬ እንዳልተገኘ ይነግሯችኋል። ወሬው ጅጋ ሲደርስ ሻርፑ ጆንያ ሆነ። ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ጆንያው ሁለት ሆነ፤ እሷም ወንድ ሆነች። ሽንዲ ላይማ ነፋሱን በኪሎ ስትሸጥ አየሁ ያለ ሰው አለ።

ሐሰት ነው። የቋጠረችው የሽንብራ ቆሎ ነው። ምክትሉም ባርኔጣ ኖሯቸው አያውቅም።

እውነቱን ከሦስት ወገን ሰምቻለሁ፦ ከተማሪዎቿ፣ ገበያ ሲወጡ ካገኘኋቸው ከገበሬው ከአያ ገደፋውና ከራሷ። ሦስቱም የተስማሙበትን እንዳለ አስፍሬዋለሁ። ያልተስማሙበት ላይ ለሚያስቀው አድልቻለሁ።

ኡምሀኒ የሙሐመድአሚን ልጅ ናት። ሙሐመድአሚን ቡሬ ገበያ ላይ እህል ሲገዙና ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ድሮ ከገጠር እህል በአህያ አስጭነው ሲመጡ አህዮቹን አይቆጥሩም ነበር። ጮክ ተብሎ የተቆጠረ ነገር ይጎድላል የሚለውን ከአባታቸው ወርሰዋል። ስለዚህ ሲነሡ ለእያንዳንዷ አህያ አንዲት የሽንብራ ቆሎ በሽርጣቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። ቤት ሲደርሱ በሩ ላይ ይቆሙና አንዲት አህያ ባለፈች ቁጥር አንዲት ሽንብራ ወደ አፋቸው ይወረውራሉ። ሽንብራው ካለቀ ሁሉም ገብቷል። ከተረፈ ተመልሶ ፍለጋ ነው። «ደብተር ይሳሳታል፤ ጥርስ ግን የቆረጠመውን አይረሳም» ይሉ ነበር። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጂኦግራፊ ተምራ ስትመለስ፣ ቁጥሩን ስለመፍራታቸው ሳቀችባቸው። ሽንብራውን ግን ወደደችው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለች አንድ ነገር ሆኗል። የጊዜው አስተማሪ ተማሪዎችን ቆብ ነጣቂ ሊያወጣ ተነሣ። ቆብ ነጣቂ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ መላጣ ተራራ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ጫፉ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ሰው ራስ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይወስዳል፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ኡምሀኒ ቆሎዋን ይዛ፣ ጫማዋን አጥብቃ አስራ በር ላይ ቆመች። አስተማሪው አያትና «አንቺ ቅሪ፤ ነፋሱ ሻርፕሽን ቢወስደው ለአባትሽ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» አላት። ሌሎቹንም ሴቶች አስቀራቸው። ሌሎቹ ቤታቸው ሄዱ። እሷ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስከ ማታ ጠበቀች። ወንዶቹ ሲመለሱ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ «ከላይ የዓባይ በረሃ ይታያል፤ ሰማያዊ ነው» እያሉ አለፏት።

«ያ ሰማያዊ አሥር ዓመት አላስተኛኝም» ትላለች። አስተማሪ ሆና የተመደበች ዓመት፣ ኅዳር ሲገባ፣ መጀመሪያ ያደረገችው ተማሪዎቿን ይዛ፣ ሴቶቹን ከፊት አድርጋ መውጣት ነበር። ጫፍ ላይ ሆና ብታይ በረሃው ሰማያዊ አልነበረም፤ አቧራ የጠጣ ግራጫ ነው። «ዋሽተውኝ ኖሯል» አለች። «ግን ውሸት መሆኑን ለማወቅም መውጣት ነበረብኝ።»

እንዲህ እያለች ስድስት ዓመት አወጣቻቸው። በሰባተኛው ዓመት አቶ አድማሴ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆነው መጡ።

አቶ አድማሴ ወረቀት የሚወዱ ሰው ናቸው። ዝናብ ቢዘንብ ማን እንደፈቀደለት ሳይጠይቁ ጃንጥላ አይዘረጉም። ኡምሀኒ የጉዞ ማመልከቻዋን ይዛ ቢሮ ስትገባ የወላጅ ኮሚቴዎች ተቀምጠዋል፤ ከእነሱም አንዷ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ናቸው፣ አሥረኛ ክፍል የምትማር ሀይማኖት የምትባል ልጅ ያለቻቸው።

«ኅዳር እኮ ነው መምህርት» አሉ አቶ አድማሴ። «ነፋስ ነው።»

«ትምህርቱ ስለ ነፋስ ነው ጋሼ አድማሴ። ነፋስ የሌለ ዕለት ሄጄ ምን ላስተምር?»

«እሽ፣ ወንዶቹ ይሂዱ። ሴቶቹ ከታች ሆነው ይማሩት።»

«ሴቶቹ ከቀሩ እኔም ሴት ነኝና ቀረሁ። ወንዶቹን እርስዎ ይወስዷቸዋል?»

አቶ አድማሴ ጉልበታቸውን አሰቡ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «እንግዲያው እንፈራረም። በየማረፊያው ልጆቹን እየቆጠርሽ እዚህ ወረቀት ላይ ትሞያለሽ። ጫፍ ሳትደርሱ ብትመለሱ፣ ወይም አንድ ልጅ ቢጎድል፣ ይህ ጉዞ ከዘንድሮ ወዲያ የለም። ለሴትም ለወንድም።»

«ጫፍ ደርሰን ሙሉ ከተመለስንስ?»

«በየዓመቱ ሂጂ። እኔም አፌን እይዛለሁ።»

«እሱንም ይጻፉት።»

ጻፉት። ኮሚቴዎቹ ፈረሙ። ኡምሀኒ በር ላይ ደርሳ ዞር አለችና «ለምን አብረውን መጥተው ራስዎ አይቆጥሩንም?» አለቻቸው። «ስብሰባ አለብኝ» አሉ፤ የማን ስብሰባ እንደሆነ እስካሁን አልተጣራም።

የጉዞው ዕለት፣ ጧት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሃያ ስድስት ተማሪዎች በሩ ላይ ተሰለፉ፤ ሴቶቹ ዐሥራ አራት፣ ወንዶቹ ዐሥራ ሁለት። ኡምሀኒ የቆሎ ሳህን አቀረበች። እያንዳንዱ አንዲት ሽንብራ አንሥቶ በሻርፗ ጫፍ ላይ ጣለ። ሁሉም ሲጨርሱ ቀና ብላ የቢሮውን መስኮት አየችና አንዲት ጨመረች። ከዚያ ቋጠረች።

«ያቺ የማን ናት ቲቸር?» አለ ሰይፈ፣ አዲስ አበባ ያለ አጎቱ በላከለት ቀይ ኮፍያ የሚኮራው።

«የመንገድ ናት። ኮፍያህን ቦርሳ ውስጥ ክተት።»

«ይመቻል ቲቸር፣ አትስጊ። ጠብቅ አርጌ ነው የደፋሁት።»

ባጃጅ ተራን ሲያልፉ አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «መምህርት! ነፋስ እንዳይወስዳችሁ ድንጋይ በኪሳችሁ ያዙ!» አለ።

«ነፋስ የሚወስደው ገለባ ነው» አለች ሳትቆም። «አንተ ለራስህ አስብ!»

ጓደኞቹ ያን ዕለት ስሙን ገለባ አሉት። አሁንም ገለባ ነው የሚባለው።

መንገዱ ላይ ነፋሱ ከኋላ ይገፋቸው ነበር። ቀሚስ ከእግር እየተጠመጠመ፣ አቧራው ጥርስ ላይ እየተፈጨ፣ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ተራራው ግርጌ ደረሱ። ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአያ ገደፋው አውድማ ጠርዝ ያልፋል። አያ ገደፋው ዘራቸው ከአዊ የሆነ፣ ጺማቸው የሸበተ አራሽ ናቸው። ኡምሀኒን ያውቋታል፤ በየዓመቱ ስታልፍ ለተማሪዎቿ ውሃ ያጠጣሉ። ያን ዕለት ግን ገብስ ወቅተው ጨርሰው፣ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ለነፋስ እየሰጡት ነበር። በላይዳ፣ በዚያ በእንጨት አካፋቸው፣ ወደ ላይ ሲወረውሩት ገለባው እንደ ጉም ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፍሬው ከእግራቸው ሥር ይወርዳል።

«ይበርክት!» አለች ኡምሀኒ። ልጆቹም ተቀበሏት።

«አሜን፣ አብሮ ይበርክት!»

እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ልጆቹ ከአውድማው ጠርዝ ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ ኡምሀኒ የአቶ አድማሴን ወረቀት አወጣች። ሦስተኛ ማረፊያ ይላል፤ ባዶ ሳጥን አለው። ተነሣች። ጣቷን ዘረጋች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ የለመደ ነውና ሜዳው ሁሉ እስኪሰማ ቆጠረች። «አንድ! ሁለት! ሦስት!»

ሰባት ላይ አንደኛው ጎረቤት ሥራውን አቁሞ ዞረ። ዐሥራ አምስት ላይ የአያ ገደፋው ባለቤት እማማ ቻይነሽ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ገብስ አውድማ ላይ ሳለ፣ ተሰፍሮ ጎተራ ሳይገባ፣ በአጠገቡ ቁጥር አይጠራም። ይህን በዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ኡምሀኒም ታውቀው ነበር፤ አባቷ ስንት ጊዜ ነግረዋታል። ያን ዕለት ግን በሐሳቧ ያለው የአቶ አድማሴ ሳጥን ነበር።

«ሃያ አምስት! ሃያ ስድስት!»

ነፋሱ ቆመ።

ተማሪ የሚንጫጫበት ክፍል ርዕሰ መምህሩ ሲገባ ጸጥ እንደሚለው፣ ያንኑ ያህል። አያ ገደፋው ወደ ላይ የወረወሩት ገብስ ከነገለባው ተመልሶ በራሳቸው ላይ ወረደ። ጺማቸው አውድማ መሰለ።

«ማን ነው የቆጠረ?» አሉ ገለባውን ሳያራግፉ።

«እኔ ነኝ አያ።»

«በአውድማዬ ላይ?»

«ልጆቼን ነው እኮ የቆጠርሁ።»

«ቁጥሩ የማን እንደሆነ በረከት በምን ታውቃለች? ሰማች፣ ደነገጠች፣ ሄደች! ነፋሱንም ይዛው ሄደች!» ላይዳቸውን አምጥተው በመንገዱ ላይ አጋደሙት። «ነፋሴን መልሽ።»

«ከየት ላምጣልዎ?»

«ከወሰድሽበት። ነፋሱ ሳይመጣ ከዚህ ማንም አያልፍም። ነገ ዳመና ቢመጣ፣ ገብሴ በስብሶ ቢቀር፣ አንች ደመወዝተኛ ነሽ፤ እኔ ምን እበላለሁ?»

ሰይፈ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ ሙድ እየያዙብን ነው እንዴ?» አላት።

«ዝም በል። የዓመት ምግባቸው ነው።»

ኡምሀኒ መንገዱን አየች፣ ጫፉን አየች፣ ሰዓቷን አየች። ነፋሱ እስኪመጣ አብረው ቢጠብቁ ይመሻል። ቢመለሱ ጫፍ አልደረሱምና ጉዞው ለዘለዓለም ቀረ፤ የዛሬ ዓመት ዐሥራ አራት ልጆች በሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወንዶች የሚዋሹትን ሊሰሙ ነው። ወንዶቹም እንኳ የሚዋሹት አያገኙም።

«አያ ገደፋው» አለች። «እኔ መያዣ ልሁን። ልጆቹ ይውጡ፤ ነፋስዎ እስኪመጣ እኔ እዚህ እቀመጣለሁ።»

«ነፋሱ ባይመጣስ?»

«የጧቱ ሁልጊዜ እኩለ ቀን ሲቃረብ ይደክመዋል። ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው ተመልሶ ይነሣል። ስድስት ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ካልመጣ በአፌ እነፋልዎታለሁ።»

«ክምሩን ሁሉ?»

«ክምሩን ሁሉ። ከመጣ ግን በየዓመቱ በዚህ እናልፋለን። ሴቶቹም።»

አያ ገደፋው አፏን በዓይናቸው ለኩት፤ ትንፋሿ ይበቃ እንደሆነ ይመስላል። ገና ሳይመልሱ እማማ ቻይነሽ መቀነታቸውን አጠበቁ።

«ልጆቹንማ እኔ አወጣቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ከሥሩ ስኖር ፍየል ፍለጋ እንጅ ለማየት ብዬ ወጥቼ አላውቅም።»

«አንች ደግሞ ምን ልታይ?» አሉ ባላቸው።

«አንተ የከለከልከውን።»

ኡምሀኒ ዞር ብላ ሀይማኖትን ፈለገች። ሀይማኖት ከሁሉም ትንሿ ናት፤ ክፍል ውስጥ እጇን ለማውጣት ሦስት ጊዜ የምታስብ። «ከፊት አንቺ ነሽ። እማማ ከኋላ ናቸው።»

«እኔ? ቲቸር፣ እኔ እኮ...»

«ነፋስ ከመጣ ሁላችሁም ቁጭ። እጅ ለእጅ። ከባሰ በቂጣችሁ ውረዱ። የሚያፍር ካለ ይፈር፤ የሚቆም ግን አይኑር።»

ወጡ። ኡምሀኒ ላይዳው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት አለፈ። ቅጠል አይንቀሳቀስም። አያ ገደፋው ሰማዩን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ፣ ሻርፗ ጫፍ ላይ ያለውን ቋጠሮ ያያሉ።

«እዚያ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ሽንብራ።»

«እህ» አሉ፤ ጎረቤታቸውን በዓይን ጠቀሱት። ጎረቤቱ ስልኩን ይዞ ወደ ጎን ዘወር አለ። የነፋሱ ቋጠሮ ወሬ ወደ ቡሬ የተነሣው በዚያች ደቂቃ ነው፤ ተማሪዎቹ ገና ግማሽ ዳገት ሳይደርሱ ባጃጅ ተራ ደረሰ።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ አያ ገደፋው ዝቅ ብለው። «ነፋስ ማሰር ትችያለሽ?»

«ብችልማ አያ፣ መጀመሪያ ምክትላችንን ነበር የማስወስድበት።»

ሳይፈልጉ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ተቆጡ፤ ግን ሳቁ ቀድሞ ወጥቷል።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን መጀመሪያ የገብሱ ገለባ ተነቃነቀ። ቀጥሎ ነፋሱ ከሸለቆው ሥር እያገሳ መጣ። የአቶ አድማሴን ወረቀት ከጭኗ ላይ አነሣው፤ ሦስት ጊዜ ገለበጠውና ወደ ዓባይ በረሃ ይዞት ሄደ። ኡምሀኒ ለወረቀቱ አልተነሣችም። የተነሣችው ቀና ብላ ጫፉን ስታይ ነው። እዚያ ላይ ተደርድረው ይታዩ የነበሩት ቀይና ነጭ ሻርፖች አንዱም የለ።

«ነፋስሽ መጣ» አሉ አያ ገደፋው። «ተፈትተሻል። ሩጭ!»

«አልሮጥም።» ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ እሷ ትክዳለች። «እኔ ከሮጥሁ ሀይማኖት አልቻለችም ማለት ነው። ቁጭ ብለው ነው። ታመጣቸዋለች። እርስዎ ይልቅ ገብስዎን ይያዙ።»

«ገብሱ ይቆይ! ሚስቴ እዚያ ላይ ናት!»

እንዲህ ሆኖ፣ በዓመቱ ከነፈሰው ነፋስ ሁሉ ምርጡ በአውድማው ላይ ሲያልፍ፣ ሁለቱም አንገታቸውን አንጋጠው ቆሙ። ሃያ ደቂቃ ይሁን ግማሽ ሰዓት ማንም አላየም። ከዚያ ከድንጋዮቹ መካከል አንድ ረጅም ነገር እየተንፏቀቀ ብቅ አለ። ከፊት ሀይማኖት፤ በቂጧ። ከኋላዋ ሃያ አምስት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው፤ በቂጣቸው። ከሁሉም ኋላ እማማ ቻይነሽ፤ ሲስቁ ድምፃቸው ከነፋሱ በላይ ይሰማል። የጎደለ ነገር ቢኖር የሰይፈ ቀይ ኮፍያ ብቻ ነው።

«ወረደ ወይ?» አለ ሰይፈ ግርጌ ሲደርስ፣ ኮፍያውን ማለቱ ነው።

«ሽንዲ ሄደህ ጠይቅ» አለችው ሀይማኖት። በክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምተውባት አያውቁም።

ኡምሀኒ ቋጠሮዋን ፈታች። እያንዳንዱ እየመጣ አንዲት ሽንብራ አንሥቶ ቆረጠመ። ሁሉም ቆርጥመው ሲያበቁ አንዲት ቀረች።

ልጆቹ ተያዩ። «ማን ቀረ?» «አንተ በልተሃል?» «እኔ በላሁ!» ሀይማኖት ወደ ተራራው ዞረች።

«የናንተ አይደለችም» አለች ኡምሀኒ። «የናንተማ አልቋል።»

«እንግዲያው ለእማማ ቻይነሽ ይሰጥ!»

«ለእማማ የዛሬ ዓመት ከጧቱ እንቋጥራለን። ይቺ ባለቤት አላት።» መልሳ ቋጠረቻት።

ከዚያ ነፋሱ ሳይደክም ሁሉም ተረባረቡ። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ላይዳ ያዙ፣ ወንዶቹ ገለባ ጠረጉ። አውድማው ሲጠራ አያ ገደፋው በእጃቸው መንገዱን አሳዩዋት፣ «በየዓመቱ» ብለው። ቁጥር ግን ማንም አልጠራም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። ወሬው ቀድሟቸው ስለነበር ወላጅ ተሰብስቧል፤ የባጃጅ ሹፌሩ ገለባም ሳይቀር። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ሀይማኖትን ከሰልፉ ጎትተው አወጡና ራሷን ዳሰሱ። «ይቺ ልጅ ናት ወይስ ክምር?» አሉ ገለባውን እየለቀሙ። «ጫፍ ደርሳችኋል?»

«ደርሰናል፤ እኔ ነኝ የመራኋቸው እማ።»

አቶ አድማሴ መሐል ገቡ። «ወረቀቱስ መምህርት?»

«ቆብ ነጣቂ ወሰደው።»

«እንግዲያው እዚሁ፣ በሰው ፊት ቁጠሪ።»

«አልቆጥርም።»

«ምን ማለትሽ ነው? ውል አለን! ሙሉ ናቸው ወይስ አይደሉም?»

«አንድ ጎድሏል» አለች ኡምሀኒ።

አንዲት እናት ራሷን ያዘች። በአቶ አድማሴ ፊት ላይ ድንጋጤና ደስታ ቦታ ሲሻሙ ታዩ። ኡምሀኒ ሳትቸኩል የሻርፗን ጫፍ ፈታች፤ ያቺን ሽንብራ በመዳፏ አድርጋ ወደሳቸው ዘረጋች።

«የሄዱት ሃያ ስድስቱ የየራሳቸውን በልተዋል፣ ይጠይቋቸው። ይቺ የእርስዎ ናት ጋሼ አድማሴ፤ ጧት ቋጥሬልዎ ነበር። ነፋስ የፈራ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ለከርሞ ይምጡ፣ ሴቶቹ እጅዎን ይይዙልዎታል።»

ሽንብራዋ መዳፏ ላይ ቆየች። አቶ አድማሴ የጻፉትን አስታውሰው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።